ከመኪናው እሽቅድምድም በኋላ
ከእድራችን ጠያቂ ክፍል ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ጠያቂ ክፍላችን በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ላይ ስንት በሽተኛ እንደተጠየቀ፣ ስንት ሐዘንተኛ እንደተጽናና ቆጥሮ ማቅረቡ የተለመደ ነው። የዘንድሮውን ቁጥር ጸሐፊያችን በሌላ ገጽ ስለሚያወጡት እኛ አንደግመውም። በዚያ ፈንታ ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪና እሽቅድምድም ነው። አዎን፣ ስለ እሽቅድምድም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በሹፌርነትና በመካኒክነት በዚህ በሎስ አንጀለስ ከተማ ልጆች ያሳደጉ ስለሆኑ መኪና ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ዳሩ ግን በእድር ጉባኤ ላይ ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ምክንያቱን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ነባር አባላችንን ቀበርን። ቤተ ሰባቸው ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለፈለገ አንጠራውም፤ የምታውቋቸው ታውቃላችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እድሩ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ገንዘቡ በሁለተኛው ቀን ደርሷል፣ በዚህ አገር ድንኳን መትከል ባይቻልም አዳራሽ ተይዟል፣ ምግቡም አልጎደለም። የሬሳ ሣጥኑ ከመኪና ወርዶ ወደ መቃብሩ የሚወሰድበት ሰዓት ሲደርስ ግን ከፊት የቆምነው አብዛኞቻችን ስድሳን ያለፍን፣ ከራሳችን ወገብ ጋር የምንታገል ነበርን። ያን ጊዜ ከበስተኋላ ስድስት ጎልማሶች ወጡ። ሁለቱ ሜክሲካውያን፣ ሁለቱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አንዱ ፊሊፒናዊ፣ አንዱ ነጭ ናቸው። ሁሉም ጀርባው ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሰዋል። ቃል ሳይነጋገሩ ሣጥኑን ተሸከሙ። ከቀብር መልስ ወንበር አጣጠፉ፣ ሰሐን አጠቡ፤ ከዚያም እስከ ሠልስቱ ድረስ ማታ ማታ ወደ ለቅሶ ቤት እየመጡ ከሟቹ ልጅ አጠገብ ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዲት እናታችን «እነዚህ ደግሞ የማን እድር ናቸው?» ብለው ጠየቁ። የልጁ የመኪና ክበብ አባላት ናቸው ተባለ።

ጠያቂ ክፍሉ ነገሩን እንዲሁ አላለፈውም። አራት ሆነን ልጁን «እነዚህን ሰዎች ያገኘህበትን ቦታ አሳየን» አልነው። ልጁ ሳቀና «በእሑድ ቀን ቤንዚን የሚሸት ቦታ ነው፣ ትችላላችሁ?» አለን። እንችላለን አልን።

ድራግ ሬስ የሚባለው እሽቅድምድም ኩርባ የለውም፣ ዙርም የለውም። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራት ሲበራላቸው ቀጥ ባለ መንገድ አንድ አራተኛ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል፣ ይከንፋሉ። አለቀ። ዘጠኝ ወይም አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰኮንድ ነው። ለዚህች ለአሥራ አምስት ሰኮንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። እኛም መጀመሪያ ላይ «እንዲያው ምን ነክቷቸው ነው?» ማለታችን አልቀረም።

ነገሩ የተወለደው እዚሁ እኛ የምንኖርበት አካባቢ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።) በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ የማያስፈልገውን ቆርቆሮ እየፈቱ፣ ሞተሩን እያጠነከሩ፣ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት የደረቁ ሐይቆች ላይ ይሮጡ ነበር። ክበቦቻቸው በ1937 ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሞተር ሥራ የተማረ ጎረምሳ ሁሉ ሲመለስ እሽቅድምድሙ ወደ ከተማው መንገድ ወጣ። ሰው ሞተ፣ ፖሊስ አሳደደ፣ ጋዜጣ ጮኸ። መፍትሔው በ1950 በሳንታ አና ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተገኘ፤ ሰዓት ተተክሎ፣ መግቢያ እየተከፈለ፣ በሥርዓት መሮጥ ተጀመረ። በዓመቱ በ1951 ሆት ሮድ የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ዋሊ ፓርክስ የአገሪቱን የድራግ ሬስ ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ውድድር በ1953 ፖሞና ላይ አደረገ። በ1954 አራት ሰዎች በአንድ መኪናና በአንድ ተጎታች ዕቃ ጭነው በየክፍለ ሀገሩ ዞሩ፤ ለየክበቡ የሰዓቱን አተካከል፣ የፍሬን ምርመራውን፣ የሕዝቡን አቆራረጥ አስተማሩ። በዓመቱ በካንሳስ ግሬት ቤንድ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር ሲደረግ ዝናብ አቋረጠውና ፍጻሜውን አሪዞና ድረስ ሄደው ነው የጨረሱት። የክረምት ቀብር ያየ ሰው ይሄ አይገርመውም።

እኛ የሄድነው ፋሞሶ ወደሚባለው ሥፍራ ነው። ከቤከርስፊልድ ከተማ በስተሰሜን፣ ከዚህ ሁለት ሰዓት አልፎ የሚያስኬድ፣ ዙሪያው የፍራፍሬ እርሻ የሆነ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህንን ቦታ ያቀናው ባለ ሀብት ወይም መንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ ስሞከርስ የተባለ የቤከርስፊልድ የመኪና ክበብ ነው። በ1959 ይኸው ክበብ ታላቅ ውድድር አዘጋጅቶ ከፍሎሪዳ ዶን ጋርሊትስን ጠራ። የካሊፎርኒያ ሰዎች የጋርሊትስን ሰዓት ሲሰሙ «የእነሱ ሰዓት የተበላሸ ነው» ይሉ ነበርና በዓይናቸው ሊያዩት ጎረፉ። ያን ቀን ያሸነፈው አርት ክሪስማን የተባለው የካሊፎርኒያ ሰው ሆነ። ክበቡ ያስጀመረው ያ ውድድር ዛሬም በየዓመቱ በማርች ወር ይደረጋል።

አሁን ወደ ዋለው ነገር እንግባ። ከሁሉ የገረመን ዘገምተኛው መኪና ከፈጣኑ ጋር የሚሮጥበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው መኪናው በስንት ሰኮንድ እንደሚገባ ራሱ ገምቶ በመስታወቱ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፋል። አንዱ 15 ብሎ ጻፈ እንበል፣ ሌላው 11 ተኩል። ታዲያ የመብራቱ መሣሪያ ለዘገምተኛው ሦስት ሰኮንድ ተኩል ቀድሞ አረንጓዴ ያበራለታል። የአጎቱን አሮጌ ጭነት መኪና ይዞ የመጣ ልጅ ሠላሳ ሺህ ዶላር ያፈሰሰውን ሰው ሊያሸንፍ ይችላል ማለት ነው፤ ሲያሸንፍም አይተናል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከጻፈው ሰዓት የበለጠ ፈጥኖ የገባ ይሸነፋል። መኪናውን ደካማ አስመስሎ ብዙ ቅድሚያ ለማግኘት መዋሸት አይቻልም። ሰው ስለራሱ መኪና እውነቱን መጻፍ አለበት። ከእኛ አንዱ ይህን ሲሰሙ «መዋጮ በአቅም ይሁን ብለን ስንት ዓመት የተጨቃጨቅነውን እነዚህ በነጭ ቀለም ጨርሰውታል» አሉ። ዘርዝረን ብንነግራችሁ ደስ ባለን፤ ጊዜ የለም።

መብራቱን «የገና ዛፍ» ይሉታል። በ1963 ነው የመጣው፤ ከዚያ በፊት በሁለቱ መኪናዎች መካከል ቆሞ ባንዲራ የሚያወርድ ሰው ነበር። ሦስት ብርቱካንማ መብራቶች ተከታትለው ይበራሉ፣ ከዚያ አረንጓዴ። የቸኮለ ቀይ ይበራበታል፣ ቀይ የበራበትም ወድቋል። መጨረሻ ላይ ከትንሽ ቤት መስኮት ወረቀት ይሰጣቸዋል። በወረቀቱ ላይ ስንት ሺኛ ሰኮንድ ዘግይቶ እንደተነሣ፣ የመጀመሪያውን 18 ሜትር በስንት ሰኮንድ እንደጨረሰ፣ በግማሽ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ምን እንደነበረ ሁሉ ተጽፏል። ይህች ወረቀት ናት ማታ ዋና ወሬ የምትሆነው።

ከቀትር በኋላ አንድ ነገር ሆነ። አንድ ሰው ለሚቀጥለው ዙር ሊሰለፍ ሲል ባትሪው ሞተ። በድምፅ ማጉያው «ባትሪ ያለው ሰው» ተብሎ ተጠራ። ይዞ የመጣው ማን ነው? በሚቀጥለው ዙር የሚገጥመው ራሱ ነው! ከመለዋወጫ ሣጥኑ አውጥቶ፣ ክሪክና ቁልፍ ሳይቀር ይዞ መጥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አብሮ አሠረለት። ከዚያም ሮጡና ባትሪ የሰጠው ሰው ተሸነፈ። እኛ ቀረብ ብለን በልጁ አስተርጓሚነት «ባትትሰጠው ያለ ተቃዋሚ ታልፍ አልነበረም ወይ?» አልነው። «ብቻዬን ሮጬ ማታ ምን ላወራ?» ብሎ መለሰልን። ይህንን መልስ ቆይተን ነው የተረዳነው።

ምሽት ላይ መንገዱ ተዘጋ። የእድራችን ወግ ቢሆን እዚህ ላይ «በሉ ደኅና ሁኑ» ነው። እነሱ ግን የዋሉት ለዚህ ሰዓት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የክበቡ መኪናዎች በክብ ቆሙ፣ ከሰል ተቀጣጠለ፣ ተጣጣፊ ወንበር ተዘረጋ። ሜክሲካዊው ሥጋ ጠበሰ፣ የእኛ ልጅ ከጎኑ በርበሬ የነካው ጥብስ አወረደ (በርበሬን ሁሉም በስሙ ነው የሚጠሩት)፣ ሕፃናት ጎማ ላይ ወጥተው ይዘላሉ። ሁለት ወጎች አሏቸው። አንደኛው፣ መጀመሪያ የሚያወራው የተሸነፈ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ዋንጫውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ወረቀቱን አውጥቶ «እዚህ ላይ ተኛሁ፣ እዚህ ላይ ማርሽ ዘገየብኝ» እያለ ያወራል፤ ይስቁበታል፣ ከዚያ ግን ሦስት ሰው መኪናው ሥር ይገባል። ሁለተኛው ወግ፣ የመጨረሻው መኪና ሞተሩ እስኪነሣ ወይም ተጎታች ላይ እስኪጫን ድረስ ማንም አይሄድም። ያን ዕለት አንድ አዛውንት ካምቢዮ ተሰብሮባቸው ነበርና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው የወጣነው። የተነጫነጨ አላየንም፤ ከእኛ በቀር።

ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን የሰማነውን ግን ለጉባኤው ማቅረብ ግዴታችን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእኛ ልጅ ሁለት ተከታታይ ጊዜ መኪናውን ሳያስገባ ተመልካች ሆኖ ዋለ። ማታ በዚህችው ሰዓት አንዱ «ምን ሆነሃል?» አለው። አባቱ የኩላሊት እጥበት ጀምረው ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያመላልሳቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ሥራውም መኪናውም ቀርቶበታል። በዚያው ማታ ቀን ተከፋፈሉ። ማክሰኞ የፊሊፒናዊው፣ ሐሙስ የወፍራሙ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቅዳሜ የልጁ። ስምንት ወር እንዲህ አመላለሷቸው። አባታችን እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም ነበር፤ ሐሙስ የሚወስዳቸው ሰው «ደኅና አደሩ ጋሼ» ማለት ከእሳቸው ተምሮ እስከ ዛሬ ይላታል። የጠያቂ ክፍላችን መዝገብ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጠየቃቸውን ይናገራል። መዝገቡ ትክክል ነው።

እንግዲህ ማኅበር ማለት ለእኛ ብቻ የተሰጠ ጸጋ እንዳይመስለን፣ የዚህችን ከተማ አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። በነሐሴ 1965 በዋትስ ሠፈር ብጥብጥ ተነሥቶ 34 ሰዎች ሞቱ፣ ሠፈሩ ነደደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዊሊ ሮቢንሰን የሚባል፣ «ትልቁ ዊሊ» የሚሉት፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ክብደት አንሺ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የመንገድ ላይ ተሽቀዳዳሚዎችን ወንድማማችነት የሚባል ማኅበር አቋቋመ። ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ሜክሲካዊውንና እስያዊውን፣ በወሮበላ ቡድን ውስጥ ያለውን ሳይቀር፣ «መኪና ካለህ ና» ብሎ ሰበሰበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማታ ስለ ካርቡራቶር የሚከራከሩ ሰዎች ነገ አይተኳኮሱም ነው። የከተማው ከንቲባ ቶም ብራድሊ ራሳቸው የቀድሞ ፖሊስ ሲሆኑ ደገፉት። በ1974 በወደቡ ውስጥ በተርሚናል ደሴት ላይ የድራግ መንገድ ተከፈተለት። (ያች ደሴት ቀደም ሲል የጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ በ1942 በ48 ሰዓት ውስጥ ለቃችሁ ውጡ የተባሉባት ናት።) ቦታው እየተዘጋ እየተከፈተ ቆይቶ በ1995 ለወደቡ ሥራ ተወሰደ። ዊሊ መንገዱን ለማስመለስ ሲለምንና ሲከራከር ኖሮ በ2012 ዐረፈ። ዛሬ እዚያ ኮንቴይነርና ክሬን ነው የምታዩት። የዚህ ከተማ ወጣቶች በሌሊት መንገድ ዘግተው ሲሽከረከሩና ሰው ሲገጩ በዜና ስናይ «መንገዱ ቢኖር ኖሮ» የሚሉ የዕድሜ ባለጸጎች በዚያ እሳት ዳር አግኝተናል። ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው አንልም፤ መንገድ ቢኖርም የማይሄድ አለ።

ደግሞ ነገሩን ከሚገባው በላይ እንዳናሳምረው። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፣ ቤንዚኑ ገንዘብ ይበላል፣ አደጋም አለ። ዶን ጋርሊትስ በ1970 በዚሁ በሎንግ ቢች አጠገብ በነበረው ላየንስ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለው ሞተር ካምቢዮ ፈንድቶ የእግሩን ከፊል ቆረጠው። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ሞተሩ ከጀርባ የሚሆንበትን መኪና አሰበ፤ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ሠራው፤ በ1971 ፖሞና ላይ አሸነፈበት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹም ሞተራቸውን ወደ ኋላ ወሰዱ። በ2008 ደግሞ ስኮት ካሊታ የተባለ ተወዳዳሪ ከሞተ በኋላ እጅግ ፈጣኖቹ መኪናዎች የሚሮጡበት ርቀት ወደ 305 ሜትር አጠረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዚሁ ስፖርት ሴቶች አንድ ማኅበር አቋቁመው በውድድር ላይ ለተጎዱ ሰዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው ገንዘብ እየሰበሰቡ እስከ ዛሬ ይረዳሉ። እንግሊዝኛ ስም ይኑረው እንጂ እኛ የምናውቀው ነገር ነው።

የእኛ ልጅ ክበብ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ደንብ የለውም፣ ገንዘብ ያዥ የለውም፤ አንድ ሰው ችግር ሲደርስበት ባርኔጣ ይዞራል፤ የተገኘው ይሰጣል፤ ባልተገኘ ጊዜ አይሰጥም። ባለፈው ዓመት አንድ አባላቸው ሞቶ ቀብሩ ሊዘገይ ምንም አልቀረው ነበር። በዚያ ማታ «እናንተ በሁለተኛው ቀን ገንዘቡን ያደረሳችሁት እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁን። የመግቢያውን፣ የወሩን መዋጮ፣ ቅጣቱን፣ ለአባት፣ ለእናትና ለልጅ የሚከፈለውን ልዩነት ስናስረዳ በጥሞና አዳመጡ፤ አንዱ በውድድር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። የመተዳደሪያ ደንባችንን በእንግሊዝኛ ተርጉመን እንድንሰጣቸው ጠይቀዋል። ጸሐፊያችን እስከ አንቀጽ 14 ድረስ አድርሰውታል። «ለፋፊ» የሚለው ቃል ትርጉም አልተገኘለትምና የምታውቁ ብትረዷቸው።

በመጨረሻም በዛሬው አጀንዳ በ4ኛ ተራ ቁጥር ላይ ስለሰፈረው ሐሳብ። መዋጮው በስልክ ይከፈል፣ ወርኃዊው ስብሰባ ቀርቶ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንገናኝ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች በቅን ልቦና እንዳቀረቡት እናውቃለን፤ ከሪቨርሳይድ ድረስ ነድቶ፣ ሃያ ዶላር ከፍሎ፣ ፈርሞ ወዲያው የሚመለስ ሰው ድካሙ ይገባናል። መዋጮው በስልክ መከፈሉን ጠያቂ ክፍሉ ይደግፋል። እንዲያውም ጠረጴዛና ደረሰኙ ቢነሣልን ሰዓቱ ይተርፋል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ይቆይ እንላለን፤ ቡናው ይፈላ፣ ዳቦው ይቆረስ፣ ስም መጥራት ግን ይቅር። የቀረውን ሰው ማን እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ የምናውቅ እስክንሆን ድረስ ለአንድ ዓመት እንሞክረውና በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና ድምፅ ይሰጥበት። ይህ የጠያቂ ክፍሉ አቋም ነው፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

አንድ ማስታወቂያ። በማርች ወር በሚደረገው የፋሞሶ ውድድር ላይ ክበቡ እድራችንን ጋብዟል። አንድ ሚኒባስ ከአዳራሹ በር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። አሥራ ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ ስድስቱን ለወጣቶች ይዘናል፤ የቀረውን ከቡና በኋላ እትዬ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ተመዝገቡ። ባርኔጣ፣ ውሃና ለጆሮ የሚሆን ጥጥ ያዙ። የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ሲነሣ ስለሆነ ሰዓቱን አሁን መናገር አይቻልም።